ለጄኔራሉ የተቀመጠ ስድብ

ውድ ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ የሚሰጥህ አጎታችን ነው፤ እባክህ እሱን አትቆጣው። «እንዳየኸኝ ለቤት እንዳትናገር» ብለህ አስምለኸው ነበር አሉ። እሱ ደግሞ መሐላውን የነገረን ገና ከጭነት መኪናው ሳይወርድ፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ነው። የአጎታችን አፍ ወንፊት መሆኑን ከልጅነትህ እያወቅክ፣ ምስጢር የምትሰጠው ሌላ ሰው አጥተህ ነው? ወይስ በሆድህ እንዲነግረን ፈልገህ ነበር? ሁለተኛው በሆነ እያልኩ ፈጣሪን ስለምን ሰነበትኩ።

ከስተሃል አለ። መኪናዎች ከሚያድሩበት ግቢ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይተሃል፤ የመስኮቷ መስታወት ተሰብሮ በካርቶን ተደፍኗል፤ ከአልጋና ከወንበር በቀር ዕቃ የለህም። «ሌላ ምንም አላየሁም፤ ያ መጽሐፉ ብቻ ትራሱ ላይ ነበር» አለኝ። ወረቀት ያነሣሁት ይህን ሲለኝ ነው። ያ መጽሐፍ በምን እንደሚያልቅ አውቃለሁና።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። እንዳትሞትብኝ ነው የምጽፍልህ። በገዛ እጅህ ማለቴ ነው። ይኸው፣ ተናገርኩት። ለእማዬ አልነገርኳትም። ለአጎታችንማ እንዴት ብዬ! ላንተ ግን ቃል አላሳምርልህም።

መጽሐፉን የገዛኸው ጫማ ግዛ ተብሎ በተሰጠህ ገንዘብ ነበር፤ መንገድ ዳር ሸራ አንጥፎ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጠው ሰውዬ። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ስለ ታላላቅ መሪዎች የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም አላገኘም። አንዱ ንጉሥ ከወታደሮቹ ጋር መሬት ላይ ይተኛ ነበር ብለህ ፍራሽህን ጠቅልለህ ሲሚንቶ ላይ መተኛት ጀመርክ። እማዬ «ወታደሮችህስ የታሉ? እነሱን ፍራሹ ላይ ላስተኛቸው እንዴ?» አለችህ። ሌላው ደግሞ ሠራዊቱ ሳይበላ አይበላም ነበር ብለህ፣ ሁላችን በልተን እስክንጨርስ እጅህን አጣጥፈህ ትጠብቃለህ። «ድመቷም ጠግባለች፤ ክቡር ሆይ ይቅረቡ!» ትልህ ነበር።

ስልክ ስትይዝ ባሰብህ። አንድ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ስልክህ ውስጥ ሆኖ «ታላላቅ መሪዎች ከንጋት በፊት ይነሣሉ» አለህና ማንቂያህን የጦር ጥሩምባ አደረግከው። ጥሩምባው ካንተ በቀር ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰ። መታጠቢያ ቤት ገብተህ በሩን ትቆልፍና በመስታወቱ ፊት «ወገኖቼ!» እያልክ ንግግር ትለማመዳለህ፤ እኔ ውጭ ባልዲዬን ይዤ «ወገንህ ሥራ ረፍዶባታል፣ ውጣልኝ!» እያልኩ በሩን እደበድባለሁ። ስቄብሃለሁ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ኮርቼብህም ነበር። የሰፈሩ ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ቀኑን ሲገፉ አንተ ትልቅ ሰው መሆን ፈለግክ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ከመጽሐፍ ውስጥ አባት እየፈለግክ ይመስለኝ ነበር። ይህ ምን ነውር አለው? ዛሬም ነውር ነው አልልህም።

መብራት የጠፋበትን ምሽት ታስታውሳለህ? በሻማ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብክልን። ያ ንጉሥ ተከቦ፣ ሰዎቹ ጥለውት ሄደው፣ ጠላት ዳገቱን ሲወጣ እያየ «እጄን አልሰጥም» ብሎ በገዛ እጁ ሞተ። አንተ አለቀስክ፣ እኔም አለቀስኩ። እማዬ ብቻ ካልሲ እየደረተች ነበር።

«እናቱስ?» አለች።

«ምን እናቱ?»

«እናት አልነበረችውም?»

«መጽሐፉ አይልም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ሰውዬው ግማሹን ነው የጻፈው» አለችና ስፌቷን ቀጠለች። እኛ ሳቅንባት።

ላውንደሪው ውስጥ ያስገባሁህ እኔ ነኝ። እኔ ልብስ ተኳሽ፣ አንተ ከሆስፒታል በጆንያ የሚመጣውን አንሶላ የምትለይ። በመጀመሪያው ቀን እጅህን ወደ ኋላ አጣምረህ በማሽኖቹ መሃል ስትንጎራደድ ያዩህ ሴቶች «ጄኔራል መጣልን! ተኳሾቹም እኛው አለንለት!» ብለው ሳቁብህ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ውኃውን አፍልቶ እንፋሎት የሚሰጠው የቦይለሩ ጠባቂ ጋሽ እንፋሎት ግን ቆባቸውን አንሥተው የወታደር ሰላምታ ሰጡህ። እያሾፉ ነበር። አንተ አልገባህም፤ ቀጥ ብለህ መለስክላቸው። እሳቸውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዱህ። ሻያቸውን ካንተ ጋር ካልሆነ አይጠጡም ነበር።

ያን ቤት ለማያውቅ ሰው እንዴት አድርጎ ያስረዱታል? እንፋሎቱ አይን ያጠፋል፣ ሙቀቱ ልብስን ከገላ ያጣብቃል። ከጆንያው የሚወጣው አንሶላ ደም አለበት፣ ፋሻ አለበት፣ አንዳንዴም ነርሷ የረሳችው መርፌ ይገኝበታል። የሚሰጡን ጓንት ፀጉር ለሚቀቡ ሴቶች የሚሆን ስስ ላስቲክ፤ ገና ሳይረፍድ ይቀደዳል። «ዝምተኛዋ» የምንላትን ልጅ መርፌው መዳፏ ላይ የወጋት ቀን፣ ሥራ አስኪያጁ መጥቶ ያላት ነገር «አይተሽ አትሠሪም?» ብቻ ነው። እሷም መዳፏን በሽርጧ ጠቅልላ ወደ ጆንያዋ ተመለሰች። አንተ ግን ጆንያው ላይ ወጣህ። መታጠቢያ ቤት የተለማመድከው ንግግር ሁሉ ለዚያች ቀን የተቀመጠ ይመስል ነበር። «ወገኖቼ!» ስትል ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም።

ማሽኑ ሁሉ ቆመ። ያን ዝምታ ዕድሜዬን በሙሉ አልረሳውም። ደጅ ወጥተን በሩ ላይ ተቀመጥን፤ ዳቧችንን ተካፈልን፤ አንተ እንደ ወትሮህ መጨረሻ በላህ፤ ያን ጊዜ ግን ማንም ስለ ድመት አልቀለደም። በዚያ በር ላይ ሰው ሆኜ ነበር፣ ወንድሜ። ስንት ዘመን አንሶላ ስተኩስ ኖሬ፣ አንድ ሰው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቀኝ በዚያ ሰሞን ነው። ጠያቂውም አንተ ነህ። ይህን ማንም አይወስድብህም።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ወጥቶ «ወፍራሙን ጓንት ዛሬውኑ አመጣለሁ፤ የቀረውን ቀስ ብለን እንነጋገራለን» አለ። ጋሽ እንፋሎት ወደ ጆሮህ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እንቀበል። ጓንት እኮ ጓንት ነው» አሉህ። አንተ ድምፅህን ከፍ አድርገህ «ግማሽ ድል ሽንፈት ነው!» አልክ። ይህችን ከየት እንዳመጣሃት አውቃለሁ፤ ከሥሯ በእርሳስ አስምረህባታል። እኛም አጨበጨብን። በኋላ ግን ሰው በየጥጉ መንሾካሾክ ጀመረ። የልጆቹን ነገር የሚያነሣ አለ፣ የቤት ኪራዩን የሚያነሣ አለ። አየሃቸው፤ ፈራህ። እንደፈራህ ያወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስትፈራ የግራ ጆሮህን ትነካካለህ።

በማግስቱ አንድ ባዶ በርሜል አንከባልለህ መጣህ። እሳት አነደድክበት። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ የራሱን መርከቦች ያቃጠለውን የጦር አዛዥ ታሪክ ነገርከን፤ ወታደሮቹ ወደ ቤት መመለስን እንዳያስቡ ብሎ። «መመለሻ የሌለው ሰው ያሸንፋል! የመግቢያ ባጃችሁን እሳቱ ውስጥ ጣሉት!» አልክ። መጀመሪያ የመጡት ማን እንደሆኑ አልረሳህም መቼም። ጋሽ እንፋሎት ናቸው። ባጃቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ፎቶውን አዩት። ፀጉራቸው ገና ጥቁር ሳለ የተነሡት ነው። «ይህ ልጅ ድሮም እኔን አይመስልም» ብለው ጣሉት፤ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ጡረታቸው ሊደርስ ጥቂት ወራት ነበር የቀራቸው። እኔም ጣልኩ። ዝምተኛዋም በተፋሻው እጇ ጣለች። የሚነደው ፕላስቲክ ሽታ ጉሮሯችንን እየከረከረን ጨፈርን።

አንድ አውቶቡስ መጥቶ በእኛ ቦታ የተቀጠሩ የማናውቃቸውን ሰዎች በሩ ላይ ሲያራግፍ፣ ዳቧችንን አብሮን ሲበላ የኖረው ዘበኛ እንኳን ዓይናችንን ማየት አቃተው። «ባጅ ያለው ይግባ፤ የሌለውን አላውቅም ተብያለሁ» አለ። ባጅ ያለው አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ከመስኮቱ ሆኖ ያይ ነበር፤ ምንም መናገር አላስፈለገውም። ማባረሩን እኛው ሠርተንለታል።

ስለዚያ ስለ መርከቡ አዛዥ ሳስብ ደሜ ይፈላል። መጽሐፍህ ላይ ስሙ በትልቁ ተጽፏል፣ ሥዕሉም አለ። መርከቧ ላይ ሆኖ ሚስቱን ያስብ የነበረው ወታደር ግን ስሙ የለም። እኔ የእሱ እህት ነኝ። ጋሽ እንፋሎት ያ ወታደር ናቸው። ስታነብ ሁልጊዜ ራስህን ፈረሱ ላይ አስቀምጠህ ታነባለህ፤ አንድ ቀን እንኳን ከበታች ሆነህ አንብበኸው ታውቃለህ? ተቆጣሁ፤ ይቅር በለኝ። አይ፣ ይቅር አትበለኝ፤ ልቆጣ።

አውቶቡሱ በመጣ በነጋታው ሸሚዝህን ተኩሰህ፣ ጢምህን ተላጭተህ፣ ፍራሽህን አጥፈህ አገኘሁህ። ስልክህን ጠረጴዛው ላይ አኖርክ። የእማዬን ግንባር ሳምክ፤ ሱቅ የምትሄድ መስሏት «ሳሙና አትርሳ» አለችህ። ለእኔ በር ላይ «መሪ አይማረክም፣ እትዬ» አልከኝና ሄድክ። ማን ሊማርክህ መጣ፣ የኔ ጌታ? ሥራ አስኪያጁ? እሱ እኮ ስምህን በቅጡ አያውቅም። ያን ጊዜ ይህን ማለት ነበረብኝ። ተከትዬህ እስከ መንገዱ ጥግ ወጣሁ፤ የለህም። እማዬ እስከ ዛሬ ሳሙና አትገዛም፤ እኔ ነኝ የምገዛው።

አሁን የሆነውን ሁሉ እነግርሃለሁ። ልደብቅህ አስቤ ነበር፤ ግን አጎታችን ካፉ ስለሚያመልጠው ከእኔ ስማው።

ላውንደሪው አጥር ላይ የተሰጣ ሰማያዊ ወፍራም ጓንት አየሁ። እስከ ክርን የሚደርስ ነው። የአዲሶቹ ነው። ሆስፒታሉ የዝምተኛዋን ነገር ሰምቶ «ጓንት ካልገዛችሁ አንሶላችንን ሌላ ቦታ እንወስዳለን» አላቸው አሉ። ያ ሁሉ ጩኸታችን ያስገኘው ጓንት የማናውቃቸው ሰዎች እጅ ላይ ገባ። አጥሩን ይዤ ሳለቅስ አንዲት አዲስ ልጅ ከውስጥ «እትዬ፣ ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ምን ልበላት? «እጅሽን ጠብቂ» ብያት ሄድኩ። ዝምተኛዋ ደሟን ተመርምራ የመጀመሪያው ውጤት ደህና ሆኗል፤ ሌላ ምርመራ ይቀራታል፤ እስከዚያው አትተኛም። እኔ ጥጉ ላይ ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሱሪ እተኩሳለሁ።

ጋሽ እንፋሎት ሞተዋል።

ደረታቸው ነው። ድሮም ይስሉ ነበር፣ ታውቃለህ። ቤት ከዋሉ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ልብሳቸውን ለብሰው ይወጡና ከላውንደሪው በር ፊት ለፊት ቆመው ጭስ ማውጫውን አይተው ይመለሱ ነበር። ከዚያ መውጣቱንም አቆሙ። ቀብሩ ላይ ከላውንደሪው ያልመጣ አልነበረም፤ ካንተ በቀር። ሰዎቹ ስምህን ሲያነሡ ሰምቻለሁ፣ ያሉትንም ሰምቻለሁ። አልጽፍልህም፤ አንዱም ግን ምርቃት አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ ባለቤታቸው ቤታችን መጡ። እማዬ ልትረገም የተዘጋጀች ይመስል ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ሴትዮዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ።

«የታለ ጄኔራሉ?»

«የለም» አልኩ።

«መቼ ይመጣል?»

«እንጃ።»

«እንጃ አይባልም። አደራ አለብኝ» አሉ። «ሰውዬው አልጋ ላይ ሆኖ ሥራው እሱን መስደብ ነበር። እንዴት ያለ ስድብ መሰለሽ! ጠዋት ይጨምርበታል፣ ማታ ያሳምረዋል። ራሱ ይሰድባል፣ ራሱ ይስቃል፣ ከዚያ ሳሉ ይይዘዋል። መጨረሻ ላይ 'በቃ፣ አሁን ሞላ፤ ሲመጣ ይህንን ንገሪው' አለኝ።»

«ምን አሉ?»

«ላንቺ አልነግርሽም።»

«ደብዳቤ ልጽፍለት ነው፤ ይንገሩኝና ልጻፍለት» ብዬ ለመንኳቸው። እጃቸውን አወናጨፉብኝ።

«ስድብ በደብዳቤ አይሞቅም! 'ፊት ለፊት ንገሪው፤ በሰው እንዳትልኪበት' ብሎኛል። አንድ ነገር ብቻ ጻፊለት። ባጁን የጣለው እሱ ራሱ ነው። 'አንድ ፍሬ ልጅ ቀማው እንዳይባል፤ በእጄ ነው የጣልኩት፤ ደስ ብሎኝ ነው የጣልኩት' ብሏል።» ከዚያ ሴትዮዋ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ብዙ አለቀሱ፤ እማዬም አብራቸው።

ይህን ጻፊለት ስላሉኝ ጻፍኩልህ፤ አሁን የራሴን ልጨምርበት። ጥፋትህ ጥፋት ነው። ጓንቱን መቀበል ነበረብን፤ በርሜሉን ማምጣት አልነበረብህም። ግን እጄን ይዘህ ባጄን እሳት ውስጥ አልከተትከውም። እኔ ትልቅ ሴት ነኝ፤ የጣልኩት እኔ ነኝ። አንተ እዚያች ክፍል ተቀምጠህ የሁላችንንም ጥፋት ለብቻህ ተሸክመህ፣ ለብቻህ ልትሞትበት ታስባለህ። እኛ ምን ልንሆን ነው? ፈረስህ? ድሉ ቢመጣ ያንተ፣ ጥፋቱም ያንተ! የኛን ጥፋት እንኳ አትውሰድብን፣ እባክህ። ሌላ የቀረን ነገር የለም።

ትናንት ይህን ደብዳቤ ስጀምር እማዬ ከኋላዬ ቆማ አየችኝ። ምንም አልነገርኳትም ብዬሃለሁ። «ያን መጽሐፍ ይዞታል?» አለችኝ። «ይዞታል» አልኳት። ሄደች፣ ውኃ ጣደች፣ ተመለሰች። «የንጉሡን እናት ነገር መጽሐፉ አይልም ብሎኝ ነበር» አለች፤ «እኔ እላለሁ በይው። ከዚያን ቀን በኋላ በሕይወት አልኖረችም።» ለካ ሁሉንም ታውቅ ኖሯል።

አጎታችን ጭነቱን አራግፎ ይመለሳል፤ ጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ይህን ልብህ ላይ ቅረጽልኝ፦ የማልችለውን ቃል አልገባልህም። ማንም ላያቅፍህ ይችላል። ዝምተኛዋን «ይመጣል መሰለኝ» ስላት «ይምጣ ብቻ!» አለች፤ በሕይወቷ እንዲህ ጮክ ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፣ ድምፅዋም ደስ አይልም። በየመንገዱ ያስቆሙሃል። ይጮኹብሃል። አንተም ቆመህ ትሰማለህ፤ ጆሮህን እየነካካህ። መጽሐፍህን አገላብጠው፣ ከተሸነፈ በኋላ በማግስቱ ተነሥቶ ሰፈሩ ውስጥ የታየ፣ ያስከተላቸውን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ ያንኳኳ መሪ አለበት እንደሆነ። እኔ ፈልጌ አጣሁ። ከእነሱ መብለጥ ከፈለግክ ይህችን ትተውልሃል።

የጋሽ እንፋሎት ባለቤት አርጅተዋል፤ ስድቡም ረጅም ነው አሉ። ከመሃሉ አንዲት ቃል እንዳትጠፋባቸው ጠዋት ጠዋት ለብቻቸው ሲደግሙት ጎረቤት ይሰማል። ላንተ ነው። ካንተ በቀር ለማንም አይሰጡትም።

ና ውሰደው።

በሩን የማልቆልፈው፣
እትዬ